ፎሪን ኪውን «ለጊዜው አጥፉት» ያልኳችሁ ተማሪዎቼ፣ ይቅርታ

ረጅም ነው፤ ቡናችሁን ይዛችሁ አንብቡት። በተለይ ላብ ውስጥ ፊት ለፊቴ ተቀምጣችሁ የተማራችሁ ልጆች እንዳታልፉት። ከእናንተ ጋር የማወራርደው ሒሳብ አለኝ።

ከሦስት ሳምንት በፊት ማታ ላይ አንድ የቀድሞ ተማሪዬ ደወለልኝ። «ቲቸር፣ ሰላም ኖት?» አለና ዝም አለ። ዝምታው ሲረዝም የሆነ ነገር እንደተበላሸ ገባኝ። ልጁ ለአንድ የቁጠባና ብድር ማኅበር የአባላት መመዝገቢያ ሲስተም ሠርቶ አስረክቧል። ሁለት ዓመት ያለ ችግር ሠራ። አሁን ግን የማኅበሩ ገንዘብ ተቀባይ ከሥራ ታግዳለች። ምክንያቱ ምንድነው? አባላት ደረሰኝ ይዘው እየመጡ «ከፍያለሁ» ይላሉ፤ ደረሰኙ ላይ የእሷ ፊርማ አለ፤ ሲስተሙ ግን ክፍያውን አያሳይም። ሰው ምን ይላል? «ደረሰኝ ቆርጣ ብሩን ኪሷ ከታለች» ነዋ!

የልጁንም የማኅበሩንም ስም አልጠራም። ታሪኩን እንድጽፈው ግን ፈቅዶልኛል።

ላፕቶፔን ከፍቼ አብረን ገባን። ሲስተሙ «አባላት» የሚባል ቴብል አለው፣ «ክፍያዎች» የሚባል ቴብል አለው። እያንዳንዱ ክፍያ የከፈለውን አባል ቁጥር ይይዛል። ሞዴሎቹን አየኋቸው፦ አባል «ሀዝ ሜኒ» ክፍያ፣ ክፍያ «ቢሎንግስ ቱ» አባል። ምንም አልጎደለውም። ለፈተና ቢያቀርብልኝ ሙሉ ማርክ እሰጠው ነበር።

ከዚያ ከክፍያዎች ቴብል ተነሥተን አንድ ነገር ጠየቅን፦ አባሉ የሌለ ክፍያ አለ ወይ? 96 ረድፍ መጣ። እያንዳንዱ የአባል ቁጥር ይዟል፤ ያ ቁጥር ያለው አባል ግን በአባላት ቴብል ውስጥ የለም። ብሩ ተመዝግቧል፣ ቀኑ ተመዝግቧል፣ የደረሰኝ ቁጥሩ ተመዝግቧል። ባለቤት ብቻ የለውም።

እንዴት ሆነ? ከነዚህ መሀል የአንዲት እናትን ልንገራችሁ። መጀመሪያ ሲመዘገቡ የአባታቸው ስም «ኃይሉ» ተብሎ ተጻፈ። በኋላ ሌላ ሠራተኛ «ሀይሉ» ብላ ፈለገች፤ አላገኘችም፤ እንደ አዲስ መዘገበቻቸው። አንድ ሰው፣ ሁለት ቁጥር። 14 ወር ሙሉ በየወሩ 500 ብር በሁለተኛው ቁጥር ከፈሉ። ከዚያ አንድ ቀን «ድርብ ምዝገባዎችን እናጽዳ» ተባለና ሁለተኛው ቁጥር ተሰረዘ። ሲስተሙ «እርግጠኛ ነዎት?» ብሎ ጠየቀ፣ ሠራተኛዋ «አዎ» አለች። ዳታቤዙ አንድም ቃል አልተናገረም፤ እንዲናገር አላዘዝነውማ። የእኚህ እናት 7,000 ብር ዲስኩ ላይ ተቀምጦ የማንም አይደለም። እሳቸውን ያዳናቸው በፌስታል ጠቅልለው ያስቀመጡት የወረቀት ደረሰኝ ነው።

«ጠቅላላ ሪፖርቱስ አላጋለጠም?» ትሉኛላችሁ። ሪፖርቱም ክፍያን ከአባል ጋር እያጣመረ ነው የሚደምረው። አባል የሌለው ክፍያ ከድምሩም ይወጣል። ባንክ ያለው ገንዘብ ከሪፖርቱ ይበልጥ ነበር፤ «ሳይመዘገብ የዘገየ ገቢ ይሆናል» ተብሎ ታለፈ። እኛ ሀገር «ጎደለ» ብሎ የሚጮህ እንጂ «ተረፈ» ብሎ የሚጮህ የለም።

ልጁን ጠየቅኩት፦ «ለምንድነው ዳታቤዙ ላይ ፎሪን ኪ ኮንስትሬይንት ያላደረግክበት?»

ትንሽ ቆየና፣ «ቲቸር፣ እርስዎ ነዎት ለጊዜው አጥፉት ያሉን» አለኝ።

እውነቱን ነው። ትዝ አለኝ። የላብ ሰዓት ሊያልቅ ሀያ ደቂቃ ቀርቶታል። ግማሹ ክፍል ማይግሬሽን ሲያስኬድ ቀይ ኤረር ወጥቶበታል፤ የክፍያዎችን ቴብል ከአባላት በፊት ሊፈጥሩት ስለሞከሩ ነው። ትክክለኛው መልስ ቅደም ተከተሉን አስተካክሉ ማለት ነበር። እኔ ግን ሰዓቱን አየሁና «ፎሪን ኪውን ለጊዜው አጥፉት፣ ሞዴሉ ላይ ካለ ይበቃል» አልኩ። ሁላችሁም አጠፋችሁት። ኤረሩ ጠፋ። ክፍሉ ደስ አለው። ያ «ለጊዜው» እስከ ዛሬ አላበቃም፤ ጦሱ አንዲት ሴት ላይ ወድቋል።

ስለዚህ ዛሬ የያኔውን ንግግሬን በአደባባይ እሽረዋለሁ። ሞዴል ላይ ብቻ የተጻፈ ዝምድና አይበቃም። ዳታቤዙ የማያውቀውን ዝምድና «አለ» ብሎ ማስረከብ ሥራን ጎዶሎ አድርጎ ማስረከብ ነው። ይሄን ደግሞ ለጀማሪ ብቻ አይደለም የምለው፤ ሲኒየር ነን ለምትሉትም ነው።

እስቲ ነገሩን ከሥሩ እንየው። «ቢሎንግስ ቱ» ብላችሁ ስትጽፉ ምን አደረጋችሁ? ለኮዱ መንገድ ጠቆማችሁ። «የዚህን ክፍያ አባል ስጠኝ ስልህ፣ የአባል ቁጥሩን ይዘህ አባላት ቴብል ሂድና ያንን ቁጥር ፈልግ» ነው ያላችሁት። በቃ። ሄዶ ካጣ ባዶ ይዞላችሁ ይመለሳል። ኮንስትሬይንት ግን ዳታቤዙ ራሱ የሚጠብቀው ሕግ ነው። የሌለ አባል ቁጥር የያዘ ክፍያ አይቀበልም። ክፍያ ያለው አባል ይሰረዝ ሲባል፣ ምን እንደሚደረግ ካልተነገረው በስተቀር እምቢ ይላል። ትእዛዙ ከዌብሳይቱ ይምጣ፣ ከኤክሴል ኢምፖርት ይምጣ፣ አንዱ ሌሊት በፒኤችፒ ማይ አድሚን ገብቶ ይጻፈው፣ ለእሱ ልዩነት የለውም።

ፍሬምወርኮቹም ለዚህ ግራ መጋባት እጃቸው አለበት። ኤድጋር ኮድ የቴብሎችን ዝምድና ሐሳብ አይቢኤም ውስጥ ሆኖ ያሳተመው በ1970 እ.ኤ.አ. ነው። ሬይልስ በ2004 ሲመጣ ሞዴል ላይ አንድ መስመር ጽፎ ማዛመድን ለዓለም አስለመደ፤ ውበቱን አልክድም። ግን ማይግሬሽኑ ውስጥ ፎሪን ኪ መጻፊያ መደበኛ መንገድ የገባለት በ4.2 ሥሪቱ፣ በ2014 ነው። አሥር ዓመት! ጃንጎ በበኩሉ ከ2.0 ጀምሮ፣ ማለትም ከ2017 ወዲህ፣ ፎሪን ኪ ስትጽፉ «ያኛው ሲሰረዝ ይሄኛው ምን ይሁን?» የሚለውን ካልመለሳችሁ አላልፍም ይላል። ድሮ ሳይጠይቅ አብሮ ይሰርዝ ነበር። እንግዲህ ፍሬምወርኮቹ ራሳቸው መንገዳቸውን ካስተካከሉ እኔ ለምን አላስተካክልም?

ላራቬል የምትጠቀሙ ደግሞ ስሙ እንዳያታልላችሁ። ማይግሬሽን ላይ «ፎሪን አይዲ» ብላችሁ «ኮንስትሬንድ» የሚለውን ካላስከተላችሁበት፣ የሚፈጠረው ተራ የቁጥር ኮለም ነው። ጠባቂ የለውም። የተማሪዬም ስህተት ይቺው አንዲት ቃል ነበረች።

መጻፉ ብቻም አያስተማምንም። የድሮው የማይኤስኪውኤል ማይአይሳም ኢንጅን ፎሪን ኪ ስትጽፉለት እሺ ብሎ ይቀበልና ቸል ይለዋል። ኢኖዲቢ ዲፎልት የሆነው ከ5.5 ወዲህ ነው፤ ከድሮ ሰርቨር የተወረሱ ቴብሎች ግን አሁንም ሊኖሩ ይችላሉ። ኤስኪውላይት ላይ ደግሞ ግንኙነት በከፈታችሁ ቁጥር ካላበራችሁት ዲፎልቱ ጠፍቶ ነው። ስለዚህ ሞክሩት። በመሞከሪያ ዳታቤዛችሁ ላይ የአባል ቁጥር 999999 ያለው ክፍያ አስገቡ። ከገባ ጠባቂ የላችሁም።

አሁን ወደ ክርክሩ። መልሶቻችሁን ከወዲሁ አውቃቸዋለሁ፤ አንዳንዶቹን ያስተማርኳችሁ እኔው ነኝ።

«ኮዱ ውስጥ ቼክ እናደርጋለን።» ጎሽ፣ አድርጉ። ለተጠቃሚው ጥሩ መልእክት ለማሳየት ያስፈልጋል። ግን ኮዳችሁ «አባሉ አለ» ብሎ ባረጋገጠበትና ክፍያውን ባስገባበት መካከል ሌላ ሰው አባሉን ሊሰርዘው ይችላል። ዛሬ አንድ ዌብሳይት ነው ያላችሁ፤ ነገ የሞባይል አፕ ይመጣል፣ ከነገ ወዲያ ሌላ ልጅ ተቀጥሮ ሪፖርት ማውጫ ይጽፋል። እያንዳንዱ ያንን ቼክ ያስታውሳል ብላችሁ ትምላላችሁ?

«ሲስተም ያዘገያል።» ዋጋ አለው፣ አልዋሽም። እያንዳንዱ ክፍያ ሲገባ ዳታቤዙ አባሉን አንዴ ያያል። ያ ግን በፕራይመሪ ኪ የሚደረግ ፍለጋ ነው፤ ሦስት ሺህ አባል ላለው ማኅበር ማንም አይሰማውም። በተግባር ያዘገያችሁ ብዙ ጊዜ ሌላ ነው። ፖስትግሬስ ፎሪን ኪ ስትጽፉ የክፍያዎች ቴብል ላይ ላለው የአባል ቁጥር ኮለም ኢንዴክስ በራሱ አይሠራላችሁም፤ ራሳችሁ መጨመር አለባችሁ። ሁለተኛው ደግሞ መቶ ክፍያ ዘርዝራችሁ ለእያንዳንዱ አባሉን ለየብቻ ስትጠይቁ የሚፈጠረው 101 ኩየሪ ነው። እሱን አንድ ላይ በማምጣት ነው የምታስተካክሉት። ጥፋቱ የኩየሪያችሁ ሆኖ ሳለ ዘበኛውን አታባርሩት።

«ትላልቆቹ ኩባንያዎች ፎሪን ኪ አይጠቀሙም።» አዎ፣ የማይጠቀሙ አሉ። ዳታቸውን በብዙ ሰርቨር ስለከፋፈሉት፣ አንዱ ሰርቨር የሌላውን ቴብል መጠበቅ ስለማይችል ነው። በምትኩ የተበላሸ ዳታ የሚያድን ፕሮግራምና ያንን ሌት ተቀን የሚከታተል ቡድን አላቸው። አንተ ያለህ አንድ ሰርቨር፣ አንድ ዳታቤዝ፣ የአርብ ማታ ባክአፕ ነው (እሱም ካልተረሳ)። የዝሆንን ሸክም አይተህ የዝሆንን ጫማ አትግዛ።

«ሶፍት ዲሊት እንጠቀማለን፣ ምንም አይጠፋም።» ረድፉ አይጠፋም፣ እሺ። ግን ሞዴሉ የተሰረዘውን አባል ከደበቀው፣ ከክፍያ ተነሥታችሁ አባሉን ስትጠይቁ ያው ባዶ ነው የሚመጣው። ዳታቤዙ ደግሞ ረድፉ ስላለ ቅሬታ የለውም። «የተሰረዘ አባል ክፍያ በሪፖርት ይቆጠራል ወይ?» ብላችሁ ካልወሰናችሁ ያንኑ በሽታ በሌላ በር አስገባችሁት።

እንግዲህ ኮንስትሬይንቱን ጻፉ አልኩ። ግን የምትጽፉትን ዝምድና ከየት ታመጡታላችሁ? ሁለተኛው የእኔ ጥፋት እዚህ ላይ ነው። «አንድ ለአንድ፣ አንድ ለብዙ፣ ብዙ ለብዙ» ብዬ ሰሌዳ ላይ ጻፍኩላችሁና ከቲዩቶሪያል የተቀዳ «ፖስትና ኮሜንት» አሠራኋችሁ። ማናችሁም ከጓሮ ያለውን አልጠየቃችሁም፤ እኔም አልጠየቅኩም። እስቲ እቁብን እንውሰድ።

ጀማሪው አባል ቴብል ላይ «የእቁብ ቁጥር» የሚል ኮለም ይጨምራል። አንድ ሰው ሁለት እቁብ ሲገባ ሲስተሙ ይቆማል። ትንሽ የተማረው መሀል ቴብል ይሠራል፤ የሰው ቁጥር፣ የእቁብ ቁጥር፣ ጥንዱም እንዳይደገም ይከለክላል። ጥሩ ይመስላል። ግን በአንድ እቁብ ሁለት እጣ የሚይዝ ሰው አለ። ደግሞ ግማሽ እጣ አለ፤ ሁለት ሰው ተጣምረው አንድ እጣ ይጥላሉ። አሁንስ? አሁን እጣ ራሱን የቻለ ቴብል መሆኑ ይገባችኋል። እጣ የአንድ እቁብ ነው። ሰውንና እጣን የሚያገናኘው ደግሞ «ድርሻ» የሚል ቴብል ነው፤ ሙሉ ይሁን ግማሽ እዚያ ይጻፋል። ክፍያ የሚታሰረው ከሰውየው ጋር ሳይሆን ከድርሻው ጋር ነው። ይሄን የሚነግራችሁ ፍሬምወርኩ አይደለም። የእቁቡ ጸሐፊ ናቸው፤ ደብተራቸውን ይዘው ሻይ ቤት ተቀምጠዋል። ሂዱና ጠይቁ።

ጥያቄዎቹ ሦስት ናቸው። አንድ፦ ስንት ለስንት ነው? «ብዙውን ጊዜ አንድ ነው» ካሏችሁ መልሱ ብዙ ነው። ሁለት፦ ያለ ባለቤት መኖር ይችላል ወይ? ካልቻለ ኮለሙ ባዶ እንዳይሆን ዝጉት። ሦስት፦ ባለቤቱ ሲሰረዝ ምን ይሁን?

ሦስተኛዋ ናት ሰው የምታጠፋው። «ካስኬድ» የምትለዋን ቃል ሁላችሁም ትወዳላችሁ፤ አንዱን ስትሰርዙ ተከታዮቹን ጠራርጎ ይወስዳል፣ ኤረር የለም። ላልተላከ ረቂቅ መልእክት ተያያዥ ፋይሎች ካስኬድ ደህና ነው። ለገንዘብ ግን? በአራተኛው ሳምንት እጣ የደረሰው ሰውዬ ቢሰረዝ፣ በካስኬድ ድርሻውም ክፍያውም ቀሪ ዕዳውም አብሮ ይሄዳል። ብሩን በልቷል፣ ሲስተሙ ደግሞ ምሕረት አደረገለት! ገንዘብ፣ ውጤት፣ የሕክምና መዝገብ፣ የመሬት ይዞታ ካለበት መልሱ «ሪስትሪክት» ነው፤ እምቢ በል። ሰው ከማኅበር ሲወጣ አይሰረዝም፤ «ወጥቷል» ተብሎ ቀን ይጻፍበታል። ደብተር ላይ ያሉት ጸሐፊ ስም ሰርዘው ገጽ ሲቀድዱ አይታችሁ ታውቃላችሁ?

አንድ የመጨረሻ ነገር ስለ ስም። በስም ቴብል አታዛምዱ። እኛ ዘንድ ሁለተኛው ስም የአባት ነው፣ የቤተሰብ ስም አይደለም፤ ሦስት ስም የሚጋሩ ሰዎች አንድ ቀበሌ ውስጥ ታገኛላችሁ። ሀ፣ ሐ፣ ኀ አለ፤ ሰና ሠ አለ፤ አና ዐ አለ፤ ጸና ፀ አለ። ለእኛ ንባቡ አንድ ነው፣ ለዳታቤዙ ግን የተለያየ ፊደል ነው። ስልክ ቁጥርም አይሆንም፤ ሰው ሲም ይቀይራል፣ ልጅ በእናቱ ስልክ ይመዘገባል። ዝምድና የሚታሰረው ትርጉም በሌለው፣ በማይቀየር ቁጥር ነው። ስሙን ለመፈለጊያ ተጠቀሙበት፤ ስትፈልጉ ደግሞ ተመሳሳይ ፊደላቱን አንድ አድርጋችሁ ፈልጉ። የእኚያ እናት ነገር ከዚህ ነው የጀመረው። ፍለጋው «ኃ»ንና «ሀ»ን አንድ ቢያደርግ ኖሮ ሁለተኛው ምዝገባ ባልኖረ።

አስተማሪ ባልደረቦቼ፣ ለእናንተም አንድ ቃል። ተማሪ ቀይ ኤረር ሲያይ እጁ ወዲያው ወደ ማጥፋት ነው የሚሄደው። እኛ ሥራችን ማስነበብ ነው። ያ ኤረር የሚለው «የጠቀስከው አባል የለም» ነው። አንብባችሁ አስነብቡ። ሰዓቱ ካለቀ በሚቀጥለው ሳምንት ቀጥሉ፤ እንደኔ አቋራጭ አትስጡ። አቋራጩ ከእናንተ ክፍል ወጥቶ የሰው ደመወዝ ውስጥ ይገባል።

ዛሬ ማታ የቤት ሥራ አላችሁ፣ ማርክ የለውም። የሠራችሁትን፣ ሰው እየተጠቀመበት ያለውን ሲስተም ክፈቱ። መጀመሪያ ባክአፕ ውሰዱ። ከልጅየው ቴብል ተነሥታችሁ በሌፍት ጆይን ወላጁን አጣምሩና ወላጁ ባዶ የሆነባቸውን ቁጠሩ። ዜሮ ከሆነ ኮንስትሬይንቱን ዛሬውኑ ጨምሩ፤ ሳይቃጠል በቅጠል። ዜሮ ካልሆነ ዳታቤዙ ኮንስትሬይንቱን አይቀበላችሁም። ያኔ «እንዲቀበለኝ» ብላችሁ እነዚያን ረድፎች እንዳትሰርዟቸው! የሰው ገንዘብ ናቸው። ባለቤቶቻቸውን ከባክአፕ፣ ከደረሰኝ፣ ከሰው እየጠየቃችሁ መልሱ። ከማስተካከላችሁም በፊት ለሲስተሙ ባለቤት ንገሩ። ያፍራል፣ ይቆጣል፣ ምናልባት ቀሪ ክፍያችሁን ይይዝባችኋል። ቢሆንም ንገሩ፤ በእናንተ ዝምታ የምትጠረጠር ሌላ ሰው ልትኖር ትችላለች።

እኔና ልጁ 96ቱን ክፍያዎች አንድ በአንድ ከደረሰኝ ጉርዱ ጋር አመሳከርን። ሦስት ማታ ፈጀብን። የጎደለ አንድም ብር የለም። ልጁ በሦስተኛው ቀን ራሱ ሄዶ ለማኅበሩ ኮሚቴ «ጥፋቱ የእኔ ነው» አለ፤ በዚያ ኮርቼበታለሁ። እኔም አብሬው ሄጄ «ከእኔ የተማረው ነው» አልኩ።

ገንዘብ ተቀባይዋ ወደ ሥራዋ ተመልሳለች። ይቅርታ የጠየቃት ሰው መኖሩን ግን እስካሁን አልሰማሁም። ከልጁና ከእኔ በቀር።

የማትስማሙ ኮሜንት ላይ ጠብቁኝ። «ፎሪን ኪ አያስፈልግም» የምትሉ ግን መጀመሪያ ያቺን ኩየሪ አስኪዱና የመጣላችሁን ቁጥር አብራችሁ ጻፉልኝ።